በረዶ ቤቱን የዘጋ እጅ

የጠዋት ፈረቃ ሠራተኛዋ ስትጮህ የሰማት አልነበረም፤ የማቀዝቀዣው ሞተር ጉርምርምታ ድምጿን ዋጠው። ሮጣ ወጥታ የግቢውን ዘበኛ በእጁ እየጎተተች ስትመለስ ነው ነገሩ የታወቀው።

ሟቿ ከበሩ ሥር ነበረች። ጀርባዋን ለብረቱ ሰጥታ፣ ጉልበቷን አቅፋ፣ ወፍራሙን የሥራ ካፖርት እስከ አፍንጫዋ ስባ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇ የመግቢያ ካርዷን እንደጨበጠ ደርቋል። ከበሩ ጎን ግድግዳው ላይ ያለው የካርድ ማንበቢያ ፊቱ ተፋፍቆ አንድ ጥጉ ተሰብሯል።

"እጇን አታስገድዱት" አለ ኢንስፔክተሩ፣ ካርዱን ሊያላቅቅ ላጎነበሰው የአሻራ ባለሙያ። "ክፍሉ ይሙቅ። ራሱ ይለቃል።"

አብራው የምትሠራው ሳጅን ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት፤ ሬሳ ፊትም ቢሆን አንድ ነገር ጣል ሳታደርግ አትውልም። ዛሬ ግን ዝም ብላ ማንበቢያውን ታያለች።

"አለቃዬ" አለች በመጨረሻ። "ሰው ከውጭ ይዘጋበታል። ከውስጥ ሆኖ መውጣት የሚከለክል በር ግን ምን ዓይነት በር ነው?"

ቦታው ለሆስፒታሎች መድኃኒት የሚያከፋፍል ትልቅ መጋዘን ነው። በብርድ ብቻ የሚቀመጡት መድኃኒቶች ያሉበትን ክፍል ሠራተኞቹ "በረዶ ቤት" ይሉታል። የበረዶ ቤቱ ኃላፊ ደግሞ ሟቿ ነበረች። ታላቁም ታናሹም "እታለም" ነበር የሚላት፤ የታመመን ፈረቃ የምትሸፍን፣ የተጣላን የምታስታርቅ፣ የሁሉም እህት። የዚያን ዕለትም ጭነት ዘግይቶ ሲመጣ ተረኛዋ የምታጠባ ልጅ አለኝ ብላት "ሂጂ፣ እኔ አስገባዋለሁ" ብላ ነው የቀረችው።

ኢንስፔክተሩ የዚህን ዓይነት ሰው የሚገድል ሰው እንደማይጠፋ ያውቃል። ለምን እንደሚገድል ግን ምንጊዜም ግራ ይገባዋል።

በግቢው ውስጥ የትኛው በር ለማን እንደሚከፈት የሚያዘው ኮምፒውተር የሚገኘው ከሁለተኛው ፎቅ ጥግ ነው። ባለሙያው ወጣት ነው። ካርዱ እምቢ ያለው ሁሉ "ሲስተም የት ሄደ?" እያለ ስለሚፈልገው "ሲስተም" የሚል ስም ወጥቶለታል። ጉንጩ አብጧል፤ ትናንት ከሰዓት ጥርሱን ተነቅሎ ነበር።

"እንደማያውቅ ሰው አስረዳኝ" አለው ኢንስፔክተሩ።

"ካርድ ማለት ስም ነው ጌታዬ" አለ ሲስተም በጨርቅ ጉንጩን ደግፎ። "በሩ ካርዱን ሲያይ 'ማነህ?' ይላል። ከዚያ ኮምፒውተሩን 'ላሳልፈው?' ብሎ ይጠይቃል። የተፈቀደለት ከሆነ ይከፈታል።"

"ለመውጣትም ይጠይቃል?"

ሲስተም ዓይኑን ሰበረ። "ሌላው ክፍል አይጠይቅም። በረዶ ቤቱ ይጠይቃል። ውስጡ ደግሞ ስልክ አይሠራም።"

ስክሪኑን አዞረላቸው። በእታለም ስም አንድ አረንጓዴ መስመር አለ፤ ገብታለች። ትንሽ ቆይቶ የበረዶ ቤት ፈቃዷ ተሰርዟል። ከዚያ ቀይ መስመር መጣ። ከዚያም ቀይ። ሲስተም ወደ ታች ባንሸራተተ ቁጥር ቀይ። መጀመሪያ ላይ የተጠጋጉ ነበሩ፤ ወደ ታች እየወረዱ ሲሄዱ ግን ተራራቁ። አንዱ ብቻውን ርቆ ቀርቶ፣ ከእሱ በኋላ ምንም የለም።

"በቃ" አለች ሳጅኗ። "ዝጋው።"

"ይሄ ሁሉ ሲሆን ያየ ሰው የለም?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"ሰው ካርዱን በግልባጭ ሲያስጠጋም ቀይ ነው የሚለው። ማን ያየዋል ጌታዬ?"

"ፈቃዷን ማን ሰረዘው?"

"እኔ ይላል።" አለ ወጣቱ። "በእኔ ስም ነው የተገባው። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ሐኪም ፊት አፌን ከፍቼ ነበር። ደውሉ፣ ጠይቁ።"

ደወሉ። እውነቱን ነበር።

"የይለፍ ቃልህን ማን ያውቃል?"

"ማን የማያውቅ አለ?" አለ ሲስተም ሊያለቅስ እየዳዳው። "የልጄ ስም ነው። ልደቷን ሁሉም መጥተው በልተዋል። በሌለሁበት አዲስ ሠራተኛ መጣ፣ ካርድ ጠፋ እያሉ ሲያዋክቡኝ፣ ሰጥቼ ተገላገልኩ አልኩ።"

በዚህ መሃል ሳጅኗ ከሲስተም ክፍል በር መቀርቀሪያ ጉድጓድ ውስጥ በጣቷ አንድ ነገር ጎትታ አወጣች። ተጣጥፎ የተወተፈ ካርቶን ነው።

"ይሄስ?"

"ማንበቢያው ይዘገያል… እጅ ዕቃ ሲይዝ…"

"ወይ ጉድ" አለች ሳጅኗ። "ለመድኃኒቱ የብረት በር፤ ለብረት በሩ አዛዥ ደግሞ ካርቶን።"

ኢንስፔክተሩ አልሳቀም። ወደዚህ ክፍል ማን እንደገባ በሩ አያውቅም። ኮምፒውተሩን ማን እንደነካው ኮምፒውተሩ አያውቅም። ግቢው በሙሉ ተጠርጣሪ ነው፤ ግቢው በሙሉ ተጠርጣሪ ከሆነ ደግሞ ማንም አይደለም።

የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ያልተጠየቀችውን ጭምር ተናገረች። እታለምና ሥራ አስኪያጁ በዚያው ሳምንት ተጣልተዋል፤ ጩኸታቸው እስከ ደረጃው ይሰማ ነበር። "ካርድሽን ነው የምነጥቅሽ!" ሲላት በጆሮዋ ሰምታለች።

ሥራ አስኪያጁ የተረጋጋ ሰው ነው። ሻይ አዘዘላቸው።

"ብያለሁ፤ አልክድም" አለ። "ሰው ሲናደድ ምን የማይለው አለ? ትናንት ግን ከከተማ ውጭ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ይመሰክራል።"

"በምን ተጣላችሁ?"

"በበሩ። ቀድሞ ከውስጥ በኩል ቀይ መጫኛ ነበረው፤ ማንም ተጭኖ ይወጣል። መድኃኒት በካርቶን እየጠፋ ሲያስቸግር፣ የሚወጣ ሰውም በስሙ ይውጣ፤ ማን መቼ እንደወጣ እንወቅ አልን። ለጥበቃ ነው። እሷ ግን 'ሰው ይሞትበታል' እያለች ታስፈራራ ነበር።"

"ሞተበት" አለ ኢንስፔክተሩ።

ሥራ አስኪያጁ የሻይ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ ቀስ አድርጎ አኖረው። "መጫኛው ይነቀል ብዬ የፈረምኩት ነገር የለም" አለ። "ቴክኒሻኑን ጠይቁት። የቀድሞ ባሏ ነው፤ ታውቁ የለ?"

አያውቁም ነበር። ኢንስፔክተሩና ሳጅኗ ተያዩ።

ቴክኒሻኑን ጄኔሬተር ቤት ውስጥ አገኙት። ቀጭን ረጅም ስለሆነ "ሽቦ" ይሉታል። የሰማው ጠዋት ነው፤ ዓይኑ ደም መስሏል።

"መጫኛውን የነቀልከው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ሚስትህ የምትሠራበት ክፍል መሆኑን እያወቅክ?"

"የቀድሞ ሚስቴ" አለ ሽቦ። ከዚያ ዘይት በጠገበው በርሜል ላይ ተቀመጠ። "ስነቅለው አጠገቤ ቆማ ነበር። 'ተው፣ አንድ ቀን ጉድ ትሠራናለህ' አለችኝ። 'አለቃ አዞኛል' አልኳት። ስልክ ደውሎ ነው ያዘዘኝ፤ አለቃ ሲያዝህ 'በጽሑፍ ስጠኝ' ትለዋለህ? እስቲ አንተ ብላቸው፣ ደፋር ከሆንክ።"

"ትናንት የት ነበርክ?"

"ሆስፒታል። የሕፃናት ክፍል ማሞቂያ ተበላሽቶ። እስኪመሽ እዚያው ነበርኩ።"

ነርሶቹ መሰከሩለት። ሳጅኗ መኪና ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋችና "ባሏ ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር" አለች። "ባል ቢሆን ቢያንስ ነገሩ ይገባኝ ነበር።"

የእታለም እናትና ታናሽ እህቷ የሚኖሩት ከመጋዘኑ ርቆ በሚገኝ ሰፈር፣ በጠባብ ግቢ ውስጥ ነው። እታለም ለሥራዋ ቅርብ እንዲሆን ብላ ለብቻዋ ተከራይታ ስለምትኖር፣ ማታ አለመግባቷን ያወቀ አልነበረም። ታናሽየዋ እዚያው መጋዘን የሠራተኛ አስተዳደር ጸሐፊ ናት፤ ያስቀጠረቻት እታለም ናት። ፊቷ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ጥያቄ ስትጠየቅ ከመመለሷ በፊት እናቷን ታያለች።

"ትናንት መቼ ወጣሽ?"

"እንደ ሁልጊዜው፣ በሠራተኛ አውቶቡስ።"

"እህትሽ ጠላት ነበራት?"

"እሷ? እሷን ማን ይጠላል?"

"ሕመምስ?"

"ምንም። ጤነኛ ናት።" ቶሎ አለችው። በጣም ቶሎ።

እናትየዋ "ልጄ" አሉት ኢንስፔክተሩን። "ማን እንደሆነ ስታገኘው መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ። ከሬዲዮ አልስማ።"

"እሺ እማማ" አለ። ቃል ባይገባ ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ሬሳዋ ከተመረመረ በኋላ ከካፖርቷ ኪስ የወጣው የአፍ መንፊያ ደረሳቸው፤ ትንፋሽ ሲያጥር ወደ አፍ የሚነፋው መድኃኒት። የክሊኒክ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጥፎበታል። የክሊኒኩ ሐኪም በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው።

"ሳንባዋ ተጎድቶ ነበር" አሉ መነጽራቸውን አውልቀው። "ከምትሠሪበት ብርድ ቦታ ካልወጣሽ ዓመት አትደርሺም ብያታለሁ። እሷ ሳቀች። አብራት የመጣችው ታናሽ እህቷ ግን እግሬ ላይ ልትወድቅ ደረሰች፤ ለመሥሪያ ቤቱ ጻፉላት ብላ። ጻፍኩ። ታላቅየዋ እፊቴ ቀደደችው። 'ታማለች ተብዬ ዳር ልቀመጥ?' አለች።"

ኢንስፔክተሩ ከክሊኒኩ ሲወጣ ልቡ ስንጥቅ አለ፤ ግን ለምን እንደሆነ ገና አልጠራለትም። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ተመልሶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

"ሰው ስታባርሩ ካርዱን እንዴት ነው የምታደርጉት?"

"ከዋናው በር ነው የምናስቀረው" አለ ሥራ አስኪያጁ ትከሻውን ሰብቆ። "ሁሉም ይዘጋበታል። ከአንድ ክፍል ብቻ ከልክዬው በሌላው ሲዞር የሚውል ሰው ምን ያደርግልኛል?"

ኢንስፔክተሩ ወደ ሲስተም ክፍል ወጣ። በመቀርቀሪያው ላይ ሌላ ካርቶን ተወትፎ አገኘው፤ አልተናገረም። የእታለምን ስም አስከፈተ። ዋናው በር ተፈቅዶላታል። ቢሮዎቹ ተፈቅደውላታል። መመገቢያው፣ ልብስ መቀየሪያው፣ ሌሎቹ መጋዘኖች ሁሉ እንደነበሩ ናቸው። የተሰረዘው በረዶ ቤቱ ብቻ ነው።

"ሳጅን" አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። "የአውቶቡሱን ሹፌር ጠይቂልኝ። የዚያን ዕለት ዘግይታ የመጣች ሰው ነበረች ወይ በይው።"

ሳጅኗ ስትመለስ ፊቷን አይቶ መልሱን ቀድሞ አወቀው።

"ታናሽየዋን ሲጠብቁ ቆይተዋል" አለች። "እያለከለከች፣ ከፎቁ በኩል ሮጣ ነው የደረሰችው።"

በእናትየዋ ቤት ለቅሶተኛው ሳስቷል። ታናሽየዋ ጓሮ ልብስ ታጥባ ታሰጣለች። ገመዱ ላይ የተሰጡት በሙሉ የእህቷ ልብሶች ናቸው። ኢንስፔክተሩ አጠገቧ ቆመ።

"ጠላት ቢሆን ከዋናው በር ነበር የሚያስመልሳት" አለ። "እንጀራዋን ሳይነካ፣ ከዚያ ክፍል ብቻ የከለከላት ሰው የሚወዳት ሰው ነው።"

ልጅቷ የያዘችውን ሹራብ ጨመቀችው። ውሃው በእግሯ ላይ ፈሰሰ።

"ደውዬላት ነበር" አለች ፊቷን ሳታዞር። "'ወጥተሻል?' አልኳት። 'አዎ፣ መንገድ ላይ ነኝ፣ ቤቴ ልደርስ ነው' አለችኝ። ማታም በረዶ ቤት ልትገባ እንደሆነ ብትነግረኝ እንደምጮህባት ታውቃለች። እንዳልጮህባት ዋሸችኝ።"

"ከዚያስ?"

"ጠዋት ስትመጣ በሩ እምቢ ይላታል። ትበሳጫለች። ሲስተምን ትሰድበዋለች፤ እሱም አላውቅም ይላል። እስኪስተካከል ቢሮ ተቀመጪ እላታለሁ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፤ ሐኪሟ ዘንድ እስክወስዳት። ይሄን ነው ያሰብኩት። ኮምፒውተሩ 'በረዶ ቤቱ ውስጥ ሰው አለ' አላለኝም። 'እርግጠኛ ነሽ?' አለኝ። 'አዎ' የሚለውን ተጫንኩ።"

ኢንስፔክተሩ ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይቷል፤ የሚያስረው ሲያገኝ ደግሞ ትከሻው ቀለል ይለው ነበር። አሁን ከበደው።

"ቀዩ መጫኛ ቢኖር ትወጣ ነበር" አለ፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል። "ይሄን የሠራው እጅ ያንቺ ብቻ አይደለም።"

"ማን እንደዘጋባት አውቃ ይሆን?"

"አታውቅም። ካርዷ የተበላሸ ነው የሚመስላት።"

"ብዙ ቆየች?"

እነዚያ ቀይ መስመሮች በዓይኑ መጡ፤ እየተራራቁ ሲሄዱ።

"አልቆየችም" አላት። "ወዲያው ነው።"

ልጅቷ ሹራቡን ገመዱ ላይ አሰጣችው፤ እጅጌዎቹን አቃናችና "እማን እኔው ልንገራት" ብላ ወደ ቤት ገባች። ኢንስፔክተሩ ለእናትየዋ የገባውን ቃል ሳይፈጽም ጓሮ ቆመ። ከቤት ውስጥ ጩኸት ይጠብቅ ነበር። አልሰማም። ይህ ባሰበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከእጁ እየሾለከ ሄደ። ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን አገላብጦ "በሰው ስም ገብታ ፈቃድ ሰርዛለች፤ ሰው ሞቷል፤ አምናለች" አለ። "ይሄ ግልጽ ነው።"

"መጫኛውን ያስነቀለውስ?"

"ማስረጃህ ምንድን ነው?"

"የቴክኒሻኑ ቃል።"

ሽቦን ዳግም ሲያስጠሩት ግን ቃሉን አጠፈ። "መጫኛው በራሱ ተበላሽቶ ነው የነቀልኩት" አለ፣ መሬት መሬት እያየ። ኢንስፔክተሩ ብቻውን ኮሪደር ላይ ያዘው።

"እንዴት አስቻለህ?"

"ሌላ ሚስት አለችኝ፤ ልጆችም አሉኝ" አለ ሽቦ። "እታለምን አልመልሳት። ስቀሉኝ ከፈለጋችሁ።"

ሥራ አስኪያጁ በዚያው ሳምንት በበረዶ ቤቱ ከውስጥ በኩል አዲስ መጫኛ አስገጠመ፤ ትልቅ፣ ቀይ፣ ከሩቅ የሚታይ። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለች ሳጅኗ። ኢንስፔክተሩ አለቆቹን ሁለቴ ለመናቸው። "ያለህን ይዘህ ዝጋ" አሉት። ዘጋ። መዝገቡ ወደ ሌላ ክፍል ተላለፈ፤ እሱ ከዚያ በኋላ በጉዳዩ ላይ ቃል የለውም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እናትየዋን ከማረፊያ ቤቱ የብረት በር ፊት አገኛቸው። በጨርቅ የተቋጠረ ልብስና ዳቦ ይዘዋል። በረኛው ፖሊስ አንገቱን ደፍቶ ይመልሳቸዋል። የመጠየቂያ ቀን አይደለም፤ ቢሆን ኖሮም ከተፈቀደላቸው ጠያቂዎች ዝርዝር ውስጥ ስማቸው ገና አልገባም።

"እናት ናቸው እኮ" አለው ኢንስፔክተሩ።

"አውቃለሁ ጌታዬ። አልታዘዝኩም።"

ኢንስፔክተሩ አዛዡ ቢሮ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። መልሱ ያው ነው፤ ሕግ ነው።

"ሁለት ነበሩኝ" አሉ እናትየዋ። "አንዷን ለአፈር ሰጠሁ። ሁለተኛዋን ለእናንተ አልሰጥም ብል አቅሜ ምንድን ነው? አንተስ ትገባለህ?"

"እገባለሁ።"

"እንግዲያው ግባልኝ። እህል አልቀምስ ብላለች አሉኝ። እናትሽ አልተቀየመችሽም፤ ብይ በላት።"

ገባ። ልጅቷ ከግድግዳው ተጣብቃ ተቀምጣለች፤ ጉንጯ ገብቷል። ዳቦውን አጠገቧ አኖረና የእናቷን ቃል እንዳለ ነገራት።

ቀና ብላ አየችው። "በዚያን ቀንም አልቆየችም ብለውኛል" አለች፣ ሳትቆጣ። "ክሱ ሲነበብልኝ ሰማሁ። እስከ ሌሊት ነው የቆየችው። እርስዎ ደግ ሰው ነዎት፤ ሰው የሚያጽናና ነገር ነው የሚናገሩት።"

"ይሄ ግን እውነት ነው።"

"እሺ" አለች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው መለሰች።

ኢንስፔክተሩ ተመልሶ ወጣ። እናትየዋ ዓይን ዓይኑን ያዩታል። ሊዋሻቸው አልቻለም፤ እውነቱን መንገርም አቃተው።

"እማማ" አለ። "እርስዎና እሷ ብቻ የምታውቁት አንድ ነገር ይንገሩኝ። ከእርስዎ መምጣቴን የምታምንበት።"

ፊታቸው ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር መጥቶ ወዲያው ረጠበ። "ሕፃን እያለች እንቁራሪት ይዛ መጥታ መታጠቢያው ውስጥ ደብቃ ታሳድግ ነበር። ለእህቷ እንኳ አልነገርኩባትም። 'የእንቁራሪቷ እናት' በላት።"

ኢንስፔክተሩ ያንን ረጅም ኮሪደር እንደገና ሄደ። በሩ ላይ ቆሞ አላት።

ልጅቷ መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ግን ልታፍነው አልቻለችም። እህቷ ከሞተች ጀምሮ ያላለቀሰችው ለቅሶ ፈነዳ። ድምፁ ኮሪደሩን ሞልቶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ ከብረቱ በር ውጭ ተሰማ። እናትየዋ ሰምተው ተጠጉ፤ መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉ። በረኛው አያቸውና ፊቱን አዞረ። ሊከፍትላቸው ግን አልተፈቀደለትም።